ተሰልቶ የሚገኝ መረጃና የሶፍትዌር ዋጋ

የሶፍትዌርን መጠን በፈንክሽን ፖይንት የመለካቱን ዘዴ የአይ ቢ ኤም ባለሙያ የነበሩት አለን አልብሬክት በ1979 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። በዚሁ ነጥብ ዋጋ የሚዋዋል ነጋዴ አንድ ልዩነት ማወቅ ይገባዋል። ይኸውም በመዝገብ ያለው የስኳር ኩንታል ብዛትና የአንዱ ዋጋ እንዳለ ወጥቶ ቢታይ መጠይቅ ይባላል፤ መካከለኛ ነጥቡም 4 ነው። ብዛቱ በዋጋው ተባዝቶ፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ታስቦ ድምሩ ቢወጣ ግን፣ ይህ ድምር በመዝገብ ያልነበረ፣ ተሰልቶ የተገኘ መረጃ ስለሆነ፣ ውጤት ተብሎ 5 ነጥብ ይቆጠርለታል። የደንበኞችን ስም በፊደል ተራ መደርደር ወይም የቀኑን አጻጻፍ መለወጥ ብቻውን ስሌት አይደለም። ሻጩ ይህንንም በ5 ቢያስቆጥር፣ ገዢው በእያንዳንዱ መጠይቅ ያለ አግባብ የ1 ነጥብ ዋጋ ይከፍላል፤ መጠይቁ መቶ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል አይደለም።