ያውቁ ኖሯል? ከአረንጓዴው በላይ ቀለም የለም

የሕፃናት ክንድ የሚለካባት ጥብጣብ ሦስት ቀለም ብቻ እንዳላት ያውቁ ኖሯል? ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉ አረንጓዴ። አረንጓዴው ጣሪያ የለውም። ደህናው ልጅም፣ ከልክ በላይ የወፈረውም እኩል «ደህና ነው» ተብለው ያልፋሉ። ጥብጣቧ የተሠራችው ረሃብን ፈልጋ እንድታገኝ ነው፤ ያንንም በደንብ ትሠራለች። ሌላውን ማን ይፈልግ?

ረሃብ መፈለጉስ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት የአማራ ክልል ልጆች 46 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ልጆች ግን በአገር ደረጃ 1 በመቶ ብቻ፣ በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት ደግሞ 2 በመቶ ነበሩ። ትንሽ ነው። ትምህርት ቤት ወደ ደረሱትና ወደ ጎረምሶቹ ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ ከልክ ያለፈ ክብደትና ውፍረትን አንድ ላይ ወደ 11 በመቶ አድርሶታል።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ፣ ትምህርት ቤት በደረሱ የዓለም ልጆች ዘንድ ውፍረት (9.4 በመቶ) የክብደት ማነስን (9.2 በመቶ) ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ያልበለጠባቸው ሁለት አካባቢዎች ብቻ ናቸው፤ ደቡብ እስያና ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ።

አንድ ልጅ ቀንጭሮም ወፍሮም ሊገኝ እንደሚችልስ? የ3 ዓመት ወንድ ልጅ 15 ኪሎ ቢመዝን፣ ክብደትን ከዕድሜ ጋር ብቻ የሚያስተያየው የእድገት ካርድ ላይ ነጥቡ መሃል መንገድ ያርፋል፤ እናቱም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ቁመቱ ሲለካ 86 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። በዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ይህ ልጅ ቀንጭሯል። ለዚህ ቁመት ደግሞ 15 ኪሎ ከልክ ያለፈ ክብደት ነው። ሁለት ችግር በአንድ ልጅ ላይ አለ፤ ካርዱ አንዱንም አላየም። ኮምፒውተር ይህን በቅጽበት ያወጣዋል፤ ግን ቁመቱን የሚያስገባለት ሰው ይፈልጋል። የልጆች ውፍረት በእኛ አገር ተደብቆ የሚቆየው በሽታው ረቂቅ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ሚዛን በየቦታው ሲገኝ የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ጥግ ላይ አቧራ ስለሚጠጣ ነው።

በሳኦ ፓውሎ የድሆች መንደሮች ልጆች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ የቀነጨሩ ልጆች ሰውነት ካልቀነጨሩት ያነሰ ስብ እንደሚያቃጥል አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በኔዘርላንድስ በነበረው የረሃብ ክረምት፣ በእናታቸው እርግዝና መጀመሪያ ወራት የተጎዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ለውትድርና ሲመረመሩ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል። ስለዚህ 46 በመቶው ልጅ በቀነጨረበት ክልል ውፍረት «የሀብታም ልጅ ጣጣ» ብቻ ነው ማለት አያዋጣም።

22 ጥሩ ቁጥር ነው? የሰውነት ክብደትና ቁመት ምጣኔ፣ ማለትም ኪሎው ለቁመቱ በሜትር ስኩዌር ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር፣ ለ30 ዓመት ሰው 22 ቢሆን የሚያኮራ ነው። ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ ግን ከ18.5 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ21.4 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። የአዋቂው ሕግ አይሠራም፤ እንደ ልጁ ዕድሜ በየወሩ የሚለዋወጥ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። በቀን ብዙ ሕፃናት የሚያይ የጤና መኮንን ያንን ሠንጠረዥ በቃሉ እንዲይዝ መጠበቅ ግፍ ነው። የኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሐኪሙን መተካት ሳይሆን ሠንጠረዡን ከእጁ መቀበል።

ጫማም ምርመራ ይለውጣል። 42 ኪሎ የሚመዝን፣ 138 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የ10 ዓመት ልጅ ምጣኔው 22 ነው፤ ወፍራም። ሶሉ 3 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጫማ ቢለካ 141 ይሆንና ምጣኔው ወደ 21.1 ይወርዳል፤ ከምድቡም ይወጣል። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ደግሞ ተኝተው ነው የሚለኩት፤ ተኝቶና ቆሞ በመለካት መካከል 0.7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ስላለ ይህን የሚያሰላው ሶፍትዌር የቱ እንደሆነ ይጠይቃል።

የዘመን አቆጣጠራችንም ውፍረትን ሊሰውር ይችላል። በመስከረም 2008 የተወለደ ልጅ 10 ዓመት ሞላው እንበል። ጸሐፊው «2008»ን በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሠራ ሳጥን ውስጥ ቢያስገባው ኮምፒውተሩ የሚያየው የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ 22 ፍጹም ጤነኛ ቁጥር ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚቀበል ሆኖ መሠራቱ እንግዲህ ለጌጥ አይደለም።

ይኸው ዲኤችአይኤስ ሥሩ ከአፓርታይድ ማግስት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ያሳደገው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ ዘንድ በአገር ደረጃ የገባው በ2010 ገደማ። ነገር ግን ይህ ሥርዓት በዋናነት ድምር ይዞ የሚሄድ ነው፤ ስንት ልጅ ተመዘነ፣ ስንቱ ክብደቱ አነሰ። ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ልጅ ሐኪሙን አይቀሰቅሰውም። ለዚያ የእያንዳንዱ ልጅ መዝገብ ያስፈልጋል።

ያ መዝገብ ከሆስፒታል ይልቅ በገጠር ቀበሌ ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እያንዳንዱን ቤት በቤተሰብ ማኅደር መዝግቧል፤ ኋላም ማኅደሩ ወደ ታብሌት መዞር ጀመረ። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መስመር ሲገኝ መረጃውን ይልካል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ይህ ጠባይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መንገር አያሻም።

የጤና ኢንፎርማቲክስ ባለሙያ ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። ከባሕር ዳር ጣና ማዶ፣ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በሁለተኛ ዲግሪም ይሰጣል።

የሐኪሙ ስክሪን ላይ ብቅ የምትል ማስጠንቀቂያ የልጅን ክብደት ትለውጣለች? በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ14 የሕፃናት ክሊኒኮች፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት በሆኑ 549 ወፍራም ልጆች ላይ ተሞክሯል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ማስጠንቀቂያውን ባገኙት ሐኪሞች ዘንድ የታከሙት ልጆች ምጣኔያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከተለመደው ሕክምና በ0.51 ያነሰ ጨመረ። የሚገርመው ሌላው ነው፦ ማስጠንቀቂያው ላይ ለቤተሰቡ በስልክ የሚመክር ሰው ሲታከልበት ልዩነቱ 0.34 ብቻ ሆነ፤ በስታቲስቲክስም አልጸናም። 0.51 ትንሽ ናት፤ ተአምር የጠበቀ ያዝናል። ግን ያለ መድኃኒት የተገኘች ናት።

ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ደግሞ ሐኪም ሳያነብ ይዘጋዋል። ስለዚህ አንዲት ብቻ፣ ልጁ የውፍረትን ወሰን ሊያልፍ ሲል የምትመጣ ብትሆን ይሻላል። ከእርሷ ቀጥሎ የሚባለውም ይከብዳል። «ልጅሽ ወፍሯል» ስትባል ፈገግ ብላ «ተመስገን፣ ተመችቶታል» የምትል እናት ጥቂት አይደለችም። ቁጥሩን ከመንገር ይልቅ የእድገት መስመሩን በስክሪን ማሳየት፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን ያህል እንደወጣ አብሮ ማየት ይቀላል።

መዝገቡ ውስጥ ቦታ ቢያገኙ የምመኛቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ ትምህርት ቤት በምን ይሄዳል? ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ በብስክሌቷ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ ዛሬ ግን ብዙ ልጅ የሚሄደው በባጃጅ ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ብስክሌት ግማሹን ሳይታወቅ ይጨርስ ነበር። ሁለተኛው፦ ለስላሳ ስንት ጊዜ ይጠጣል? እሑድ ጣና ዳር የሚከፈተው ባለ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ወደ 32 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ለ5 ዓመት ልጅ የቀኑ ጣሪያ 35 ግራም ገደማ ነው።

ሐኪም፣ ነርስ ወይም የትምህርት ቤት መምህር ከሆኑ ደግሞ ይቺን ይያዙ፦ የዓለም ጤና ድርጅት አንትሮ ፕላስ የሚባለውን፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የሚያሰላውን ሶፍትዌር በነፃ ይሰጣል። ፆታ፣ የትውልድ ቀን፣ ክብደት፣ ቁመት፤ በዋናነት የሚጠይቀው እነዚህን ነው። የቁመት መለኪያው ሰሌዳ ግን ከኢንተርኔት አይወርድም፤ አናጢ ዘንድ መሄድ ነው።