«ለመደ» ወይስ «ተቀበለ»? ስለ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መቋቋም የሚያገለግሉ ስያሜዎች

በሕክምና ጽሑፎቻችን ከሚዘወተሩት አባባሎች አንዱ «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» የሚለው ነው። አባባሉ ከሕዝቡ አነጋገር የተቀዳና ለጆሮ የማይጎረብጥ ስለሆነ ተርጓሚዎች ያለ ጥርጥር ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ ቃሉ በአንባቢው አእምሮ የሚቀርጸው ሥዕል ነገሩ በእርግጥ ከሚፈጸምበት መንገድ የራቀ ነው። መልመድ በመደጋገም ቀስ በቀስ የሚገኝ ጠባይ ነው፤ በሬ ቀንበር ይለምዳል፣ ደገኛም ውሎ አድሮ ቆላ ይለምዳል። በሆስፒታል የሚገኙ ባክቴሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ መድኃኒትን የሚቋቋሙት የመቋቋሚያውን በራሂ ከሌላ ባክቴሪያ ተቀብለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅብብል እንዴት እንደሚካሄድ ማስረዳትና ለየክፍሎቹ የሚስማሙ ስያሜዎችን ለውይይት ማቅረብ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ መጀመሪያ ጎልቶ የታየው በጃፓን ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ሱልፎናማይድን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን በአንድ ጊዜ ሲቋቋም ተገኘ። ሐኪሞቹን ይበልጥ ያስደነቀው ግን ከአራቱ አንዱን ብቻ በወሰዱ ሕመምተኞች ላይ አራቱንም የሚቋቋም ሺጌላ መታየቱ ነበር። ያልቀመሰውን መድኃኒት እንዴት ሊለምደው ይችላል? በ1959 አኪባና ኦቺያይ የመሯቸው የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው መልሱን አገኙ። አራቱን መድኃኒቶች የመቋቋሙ ችሎታ በአንጀት ከሚኖረው ኢ. ኮላይ ወደ ሺጌላ በአንድነት እንደሚተላለፍ፣ ለዚህም ሁለቱ ባክቴሪያዎች መነካካታቸው እንደሚበቃ አሳዩ። ጹቶሙ ዋታናቤም በ1963 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ ርእስ ላይ ክስተቱን «ተላላፊ ውርስ» ብሎ ጠራው።

በዚህ ስያሜ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ተጋብተዋል። ውርስ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ተላላፊ ነገር ግን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገሩም። አማርኛ ከሴማዊ ምንጩ የወረሳቸው ቃላት አሉ፤ ከአጠገቡ ካሉት ቋንቋዎች የተዋሳቸውም አሉ። ባክቴሪያም እንደዚሁ የሚወርሰውና የሚዋሰው አለው፤ ውሰቱም እንደ ቃላት ውሰት ሁሉ ለባለቤቱ የማይመለስ፣ ባለቤቱንም የማያጎድል ነው፤ የሚሻገረው ቅጂው ስለሆነ። ስለሆነም ከወላጅ ወደ ልጅ ለሚወርደው «ውርስ»፣ በጎን ለሚሻገረው «ጎናዊ ሽግግር» ብንል ሁለቱ ሳይምታቱ ይኖራሉ።

የሽግግሩ ዋና መሣሪያ ፕላዝሚድ ነው። ፕላዝሚድ ከሐብለ በራሂው ተለይቶ በባክቴሪያው ሕዋስ ውስጥ የሚኖር፣ ራሱን ችሎ የሚባዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ነው። ስሙን በ1952 ያወጣለት ጆሹዋ ሌደርበርግ ሲሆን፣ ቃሉ በብዙ ቋንቋዎች እንዳለ ስለሚሠራበት በአማርኛም እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

ችግር የሚነሣው ፕላዝሚዱ በሚተላለፍበት ሂደት ስያሜ ላይ ነው። ሌደርበርግና ኤድዋርድ ቴተም በ1946 ይፋ ያደረጉት ይህ ሂደት በእንግሊዝኛ ኮንጁጌሽን ይባላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያገኘው ፍች የሰዋስው «እርባታ» ነው፤ «እርባታ» ደግሞ ከብት ማራባትን ስለሚያሳስብ አንባቢው ባክቴሪያዎቹ እየተዋለዱ ነው ብሎ ይረዳል። «ሩካቤ» ቢባልም ስሕተቱ ያው ነው። በዚህ ሂደት የሚወለድ ልጅ የለም፤ ሁለት ሕዋሶች ይያያዛሉ፣ የፕላዝሚዱ ቅጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ከዚያም ይለያያሉ። ስለዚህ «ቁርኝት» የሚለው ቃል የተሻለ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው መሣሪያ ትራንስፖዞን ነው። ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ባደረገችው ምርምር በራሂያዊ ክፍሎች ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚዛወሩ አሳይታ በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች፤ በ1974 ደግሞ ሄጅስና ጃኮብ አምፒሲሊንን የሚቋቋም በራሂ በባክቴሪያ ውስጥ ከአንድ ዲ.ኤን.ኤ. ወደ ሌላ ሲዛወር አግኝተው ትራንስፖዞን የሚለውን ስም አወጡ። «ዘላይ በራሂ» የሚለው አጠራር ማራኪ ቢሆንም በራሂው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዘል ያስመስላል። ትራንስፖዞን የሚዛወረው ግን በአንዱ ሕዋስ ውስጥ፣ ከፕላዝሚድ ወደ ፕላዝሚድ ወይም ወደ ሐብለ በራሂ ነው። ስለዚህ «ተዛዋሪ በራሂ» ማለት ይመረጣል።

ይህ ልዩነት የቃል ጨዋታ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በ2002 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የኩላሊት እጥበት ይደረግላቸው ከነበሩ አንድ ሕመምተኛ ቫንኮማይሲንን ፈጽሞ የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ ኦሬስ ተገኘ። በእኚሁ ሕመምተኛ ላይ ቫንኮማይሲንን የሚቋቋም ኢንተሮኮከስም ነበር። ምርመራው እንዳመለከተው የመቋቋሚያው በራሂ ከኢንተሮኮከስ ወደ ስታፊሎኮከስ ከተሻገረ በኋላ፣ የተሸከመው ትራንስፖዞን በስታፊሎኮከሱ ውስጥ አስቀድሞ በነበረው ፕላዝሚድ ላይ ተቀምጧል። አድራጎቱ ሁለት ነው፦ መሻገርና መዛወር። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚያጠቃልል ትርጉም የታሪኩን ግማሽ ያስቀራል።

ሦስተኛው ስቶክስና ሆል በ1989 ስም ያወጡለት ኢንቴግሮን ነው። ኢንቴግሮን ነጠላ በራሂዎችን እየያዘ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ በአንድ ማስጀመሪያም አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል። ከተደረደሩት እያንዳንዱ በእንግሊዝኛ የበራሂ ካሴት ይባላል። ካሴት በእኛ ዘንድ ዘፈን የሚቀረጽበት ሆኖ ስለ ቀረ ለዚህ አይመችም። የቃሉ የፈረንሳይኛ ምንጭ ትንሽ ሣጥን ማለት ስለሆነ፣ «ሙዳየ ቃላት» እንደምንል «ሙዳየ በራሂ» ብንለው ትርጉሙ ሳይዛነፍ የቋንቋውን ጠባይ ይይዛል። የጃፓኑም እንቆቅልሽ በዚህ ዓይነቱ አደራደር ይፈታል፦ የተለያዩ መቋቋሚያዎች በአንድነት ተሳስረው ስለሚጓዙ አንዱን መድኃኒት መስጠት የሌሎቹንም መቋቋሚያ ጠብቆ ያቆያል።

ሆስፒታል ለዚህ ሁሉ የተመቸ ስፍራ ነው። መድኃኒቱ የማይቋቋሙትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ለሚቋቋሙት ቦታ ይለቅላቸዋል፤ ያልታጠበ እጅና ያልጸዳ መሣሪያ ደግሞ ከአልጋ ወደ አልጋ ያደርሷቸዋል። በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የክሊኒክ ማእከል ካርባፔኔም የተባሉትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ክሌብሲዬላ 18 ሕመምተኞችን ይዟል፤ 11ዱ ሲሞቱ የ6ቱ ሞት ከዚሁ ባክቴሪያ ጋር ተያይዟል። በዚያ ወረርሽኝ ከሰው ወደ ሰው የተዛመተው ባክቴሪያው ራሱ ነበር። ስለዚህ ተርጓሚው «የባክቴሪያ መዛመት» እና «የበራሂ መዛመት» የሚሉትን ለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

እርግጥ ነው፣ መቋቋሚያ ሁሉ በሽግግር አይገኝም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚቋቋመው በራሱ በራሂዎች ላይ በሚደርስ ለውጥ ነው። በዚህም ቢሆን «ለመደ» የሚለው ቃል አይስማማም፤ የተለወጠው ተርፎ ያልተለወጠው ሞተ እንጂ የተማረ ባክቴሪያ የለምና።

እንግዲህ በ«መላመድ» ፈንታ «መቋቋም» ቢመረጥ አንድ እንቅፋት አለ። «ተቋቋመ» ማኅበር ወይም ድርጅት መመሥረቱንም ይናገራል። «ተቋቋሚ ባክቴሪያ» ብቻውን ሲቆም ስለሚያሻማ ዘወትር «መድኃኒት ተቋቋሚ ባክቴሪያ»፣ በግሥም «መድኃኒቱን ተቋቋመው» ተብሎ ተሳቢው ሳይነጠል ቢጻፍ ማሻማቱ ይወገዳል።

የስያሜው ጉዳይ ለሕመምተኛውም ይተርፋል። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት መድኃኒት በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሆነ ተገምቷል። «ለመደ» የሚለውን ያነበበ ሰው «የለመደው የእኔ ሰውነት ነው» ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ወይም መድኃኒት አብዝቶ ያልወሰደ ሰው ከአደጋው ነፃ ይመስለዋል። «ተቀበለ» እና «ተሻገረ» የሚሉትን ያነበበ ግን መድኃኒቱን በዕድሜው ቀምሶ የማያውቅ ሕመምተኛ ለምን በማይበገር ባክቴሪያ እንደሚያዝ፣ አስታማሚም ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት እጁን እንዲታጠብ ለምን እንደሚጠየቅ ይገባዋል። ከላይ የቀረቡት «ጎናዊ ሽግግር»፣ «ቁርኝት»፣ «ተዛዋሪ በራሂ»፣ «ሙዳየ በራሂ» እና «መድኃኒት ተቋቋሚ» የሚሉት ስያሜዎች በዚሁ መመዘኛ እንዲመረመሩ፣ የተሻለ ያለውም ሐሳቡን እንዲያቀርብ አንባብያንን እንጋብዛለን።