ወዳጅን ያስቀየመ የግብር ስሌት

እ.ኤ.አ. በማርች 1976 ኤክስፕሬሰን የተባለው የስዊድን ጋዜጣ ለአዋቂዎች የተጻፈ አንድ ተረት አተመ። ጸሐፊዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ነበሩ፤ ፒፒ የምትባለውን ጉልበተኛ ልጅ ፈጥረው በብዙ አገር ሕፃናት ዘንድ የታወቁት የ68 ዓመት ደራሲ። ተረቱ ሞኒስማኒያ በተባለ አገር ስለምትኖር ፖምፔሪፖሳ ስለምትባል ደራሲ ነው። ፖምፔሪፖሳ አገሯንም የሚያስተዳድሯትንም ሰዎች ትወዳለች፤ በግብር ምክንያትም አጉረምርማ አታውቅም። አንድ ቀን ግን ከተወሰነ መጠን በላይ በምታገኘው ገቢ ላይ የሚጠየቀው ክፍያ 102 በመቶ መሆኑን ትሰማለች። ቁጥሩ ከተረት የመጣ አልነበረም፤ የሊንድግሬን የራሳቸው ሒሳብ ነው። የጊዜው ሕግ በግሉ የሚሠራ ሰው ከገቢ ግብሩ ሌላ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ጭምር እንዲከፍል ያስገድድ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ፣ ከፍ ያለ ገቢ ላይ የደረሰ ሰው የሚያገኛት ተጨማሪ መቶ ክሮና የመቶ ሁለት ክሮና ዕዳ ይዛበት ትመጣለች።

ሊንድግሬን የመንግሥት ተቃዋሚ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባልከረረ ነበር። ነገር ግን ገዥው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ለአሥርት ዓመታት የደገፉት የራሳቸው ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ጉናር ስትሬንግ ግን በምክር ቤት መልስ ሲሰጡ የደራሲዋን የድርሰት ችሎታ አመስግነው፣ ስለ ግብር ሥርዓቱ ግን ምንም እንደማያውቁ ተናገሩ። ሊንድግሬንም ሚኒስትሩ ተረት ማውራቱ ስለሚያምርባቸው፣ ሒሳብ ግን ስለማይችሉ፣ ሥራ ቢለዋወጡ እንደሚሻል መለሱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሎፍ ፓልመ የደራሲዋ ስሌት ትክክል መሆኑን ያመኑት ዘግይተው ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር በተካሄደው ምርጫ ፓርቲው ከ44 ዓመታት በኋላ ከሥልጣን ወረደ። የኒውክሌር ኃይል ጉዳይም በምርጫው ትልቅ ቦታ ስለነበረው ሽንፈቱን ሁሉ በአንድ ተረት ላይ መጫን አይገባም።

102 በመቶው ምክር ቤቱ ሊያርመው የሚችል የሕግ ግድፈት ነበር። ቅያሜውን የወለደው የተሰጠው መልስ ነው። አንዲት የልብ ደጋፊ «ሒሳቡ ልክ አይደለም» ቢሉ «እርስዎ አያውቁም» ተባሉ። በተራ ወዳጆች መካከልም ከፍተኛ ገቢ ባላቸው ላይ ስለሚጣል ግብር ሲነሣ ሆድ የሚሻክረው በዚሁ መንገድ ይመስለኛል። አንዱ ስለ መጣኔ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ጠባዩ የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል። «ይጨመርባቸው» የሚለው ቃል ደህና ደመወዝ ላለው ወዳጅ «የያዝከው ያንተ አይደለም» ሆኖ ይደርሰዋል። «በዛ» የሚለው ደግሞ በትንሽ ደመወዝ ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው «ችግርህ አይመለከተኝም» ሆኖ ይሰማዋል። ሁለቱም ማንም ያላለውን ሰምተው ይኳረፋሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ስቴፋኒ ስታንቼቫ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካውያን በገቢ ግብር ላይ የሚይዙት አቋም ከሁሉ በላይ የተሳሰረው ስለ ፍትሕና ስለ መንግሥት ካላቸው አመለካከት ጋር መሆኑን አሳይተዋል፤ ግብሩ ኢኮኖሚውን ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ስሌት ክብደቱ ያነሰ ነው። ታዲያ ክርክሩ የፍትሕ ከሆነ ቁጥር ምን ይፈይዳል? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁጥር የፍትሕን ጥያቄ አይፈታም፤ ነገር ግን ስለ ማን እየተነጋገርን እንደሆነ ይነግረናል።

በአገራችን ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የተሻሻለውን የገቢ ግብር ሕግ እንውሰድ። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚጀምርበት ደረጃም ከ10,900 ወደ 14,000 ብር ተሻግሯል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው 35 በመቶው ከጠቅላላው ደመወዝ የሚቆረጥ እየመሰለ ነው። አሠራሩ ግን በየደረጃው ነው። 14,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 2,850 ብር ሲሆን፣ 15,000 የሚከፈለው 3,200 ብር ይከፍላል፤ 35 በመቶው ያረፈው በመጨረሻዋ አንድ ሺህ ብር ላይ ብቻ ነው። ከጠቅላላ ደመወዙ ሲሰላ 21 በመቶ ገደማ ይሆናል። በወር 500,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ 172,950 ብር፣ ማለትም ከ35 በመቶ ጥቂት ያነሰ ይከፍላል። ከ14,000 በላይ ሌላ እርከን ስለሌለ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የትልቅ ድርጅት ሥራ አስኪያጁ የመጨረሻ ብራቸው ላይ የሚከፍሉት መጣኔ አንድ ነው። «35 በመቶ በዛ» የሚለው ወዳጅ በዓይነ ኅሊናው የቢሮ ሠራተኛውን፣ «ሀብታሙ ይጨምር» የሚለው ደግሞ ሥራ አስኪያጁን እያየ ከሆነ፣ የተጣሉት በሚስማሙበት ነገር ነው። በእኔ አስተያየት 35 በመቶው ከዚህ በጣም ርቆ መጀመር፣ ከላይም ሌላ እርከን መጨመር አለበት።

ሀብታሙ አገር ጥሎ ይሄዳል የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይቀርባል። ክሪስቶባል ያንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከግዛት ወደ ግዛት የሚዛወሩ የአሜሪካ ሚሊየነሮች በዓመት 2.4 በመቶ ሲሆኑ ከጠቅላላው ሕዝብ ግን 2.9 በመቶው ይዛወራል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2022 የሀብት ግብሯን ስትጨምር ግን አንዳንድ ባለሀብቶች ወደ ስዊዘርላንድ ሄደዋል። ስለዚህ ሁለቱም ወዳጆች የሚጠቅሱት እውነተኛ ማስረጃ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን ውሸታም የሚልበት ምክንያት የለም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ለድሃው ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ማካፈል ያልፈለገ ሰው ጠባዩ እንጂ ስሌቱ አይደለም የተበላሸው የሚሉ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። መጣኔው በዛ ያለውን ሁሉ ግን ከእሱ ጋር መደመር በደል ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አነስተኛ ነጋዴዎች መንግሥት ለግብር ያወጣው የቀን ገቢ ግምት ከአቅማችን በላይ ነው ብለው በተለያዩ ከተሞች ሱቃቸውን በዘጉ ጊዜ፣ ደመወዙን ሳያይ ግብሩ የሚቆረጥበት ሠራተኛ ነጋዴውን በአጭበርባሪነት ለመጠርጠር ቅርብ ነበር፤ ነጋዴውም ሠራተኛው የንግድን ውጣ ውረድ አያውቅም ለማለት እንዲሁ። ሊጠየቅ የሚገባው ግምቱ በምን ተሠራ የሚለው ነበር፤ ይህን ሁለቱም አብረው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር።

ሊንድግሬን ከዚያ ተረት በኋላ ወደ ሌላ ጎራ አልተሻገሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 እስካረፉበት ቀን ድረስ ሶሻል ዴሞክራት ነበሩ።