«ውሰት» ወይስ «ብድር»? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቃል አሰያየም

በኮምፒዩተር ሙያ «ኦብጀክት ፑል» የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያገኘው ቃል «ኩሬ» ነው። ይህ ግን አሠራሩን አያስረዳም። ለማዘጋጀት ጊዜ የሚፈጁ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ከመረጃ ቋት ጋር የሚያገናኙ መስመሮች፣ በተወሰነ ቁጥር ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች እየወሰዱ ይገለገሉባቸውና ያንኑ ዕቃ ይመልሳሉ።

እንግሊዝኛው ለዕቃም ለገንዘብም በአንድ ግስ ይጠቀማል። «አፓቺ ኮመንስ ፑል» በተባለው የጃቫ ፕሮግራሞች ስብስብ ትእዛዙ «ቦሮው ኦብጀክት» ይባላል። አማርኛ ግን ሁለቱን ይለያል። በቡሬ ገጠር ቀንበር የተሰበረበት ገበሬ ጎረቤቱን «አውሰኝ» ይለዋል፤ የሚመልሰውም ያንኑ ቀንበር ነው። ጤፍ ያለቀበት ግን «አበድረኝ» ይላል፤ የወሰደውን በልቶ ልኩን ከአዲሱ ምርት ይከፍላል። ስለዚህ ለያዝነው ጽንሰ ሐሳብ «ውሱን የውሰት ክምችት» የሚለው ስያሜ ይስማማል እንላለን። «ውሱን» ከ«ወሰነ»፣ «ውሰት» ከ«ተዋሰ» የወጡ ናቸው፤ ድምፃቸው ቢቀራረብም ሥራቸው የተለያየ ነው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። የክምችቱን ብቃት የሚለካ ባለሙያ ነገሩን እንደ ብድር ካየው፣ መስጠቱን ብቻ ለክቶ መመለሱን ሊዘነጋ ይችላል። በፍኖተ ሰላም አንድ እድር 3 ድንኳኖች አሉት፣ እያንዳንዱም ለ3 ቀን ይያዛል እንበል። ድንኳኑን ከዕቃ ቤት ማውጣት ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅም፣ እድሩ በአማካይ በቀን ከ1 ለቅሶ በላይ ሊያስተናግድ አይችልም፤ የሚወስነው ድንኳኑ በተዋሰው ሰው እጅ የሚቆይበት ጊዜ ነውና።

ስለሆነም ልኬቱ «የመያዣ ጊዜ»ን፣ «የጥበቃ ጊዜ»ን እና «የውሰት ፍጥነት»ን ለይቶ መሰየም ይገባዋል። በአንድ ጊዜ የሚዋሱት ከዕቃዎቹ ቁጥር ካልበለጡ፣ ዕቃ በማጣት የሚመጣ ጥበቃ አይኖርም፤ እንዲህ ያለ ፈተና የክምችቱን ጉድለት ይሸፍናል። በተጠቀሰው የጃቫ ክምችት ተጠቃሚው ካልለወጠው ወሰኑ 8 ነው፤ ዘጠነኛው ጠያቂ ከ8ቱ አንዱ እስኪመለስ ይጠብቃል። 8ቱም ሳይመለሱ ቢቀሩ ጥበቃው ማብቂያ የለውም።

«ተዋሰ» የሚለው ግስ ይህን የመመለስ ግዴታ በውስጡ ይዟል። «ተበደረ» ብሎ የሚተረጉም ግን ከአንባቢው ይሰውረዋል።