ፊት የሚያቀላው ክሬም ለነጋዴውም ኪሳራ አለው

ፊት የሚያቀሉ ክሬሞችንና ሳሙናዎችን የሚያከፋፍሉ ነጋዴዎች ከዋጋው አስቀድመው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይኖርባቸዋል። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይመረት በማገድ ፊትን ያቀላል፤ ይሁን እንጂ በቆዳ ውስጥ ሰርጎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት ኮስሞቲክስ ከ2020 በኋላ እንዳይመረት፣ እንዳይገባና እንዳይላክ ደንግጓል። አባል አገሮች በ2023 ጄኔቫ ላይ ይህንኑ በማጥበቅ፣ መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን ሜርኩሪ የተጨመረበት ሁሉ ከ2025 በኋላ እንዲቀር ወስነዋል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኮስሞቲክስን በምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

ችግሩ አምራቹ «ሜርኩሪ» ብሎ ላይጽፍ መቻሉ ነው። «ካሎሜል» የሚል ስም የሜርኩሪ ውሁድ መኖሩን ይናገራል። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያም ሊያስጠረጥር ይገባል፤ ሜርኩሪ ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ይዋሃዳልና። ይዘቱም አምራቹም ያልተጻፈበት ካርቶን በርካሽ ቢገኝም፣ ዕቃው ሲወረስ ገንዘቡ የሚቀልጠው በመጋዘኑ ያስቀመጠው ነጋዴ ነው።