ከጋምቤላ ወደ አውሮፓ፦ ስለ ተማሪው የሚወራውና እውነታው

ከጋምቤላ ልጆች አንዱ አውሮፓ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ ሲባል፣ ሰፈሩ መንገዱን አስቀድሞ ይተልምለታል፤ ዛሬ ፓሪስ፣ ነገ ሮም፣ ከነገ ወዲያ ለንደን። ልጁ የሚልካቸው ፎቶዎችም ወሬውን ያጸኑታል።

«ቪዛ ከያዘ የሚያቆመው ድንበር የለም» ይባላል። ተማሪው የሚያገኘው ግን የሚማርበት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ወደ ሌሎች የሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ወዳስቀሩት) ያለ ተጨማሪ ቪዛ ያስገባዋል፤ ሆኖም በ180 ቀናት ውስጥ ከ90 ቀን በላይ ሊቆይባቸው አይችልም፤ እዚያ ሄዶ ለመሥራትም አይበቃም። የሸንገን አባላት 29 ናቸው። እንግሊዝ የለችበትም። አየርላንድም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ሳለ ከሸንገን ውጭ ናት። ስለዚህ ለንደንና ደብሊን እንደ ሮም በቀላሉ አይገባባቸውም፤ ትኬት ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ግድ ነው።

«ገንዘቡማ ተርፎት ነው የሚዞረው» የሚለው ደግሞ ብዙ ተማሪ ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ፕሮግራም ኢራስመስ ሙንዱስ ነፃ ዕድሉን ላገኙ የማስተርስ ተማሪዎች በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። ወደ ብር ሲመነዘር ሀብት ይመስላል። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የቪዛ ወጪ ግን ከዚያው ላይ ነው። በፕሮግራሙ ደንብ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች መማር አለበት፤ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወርም ቤት እንደገና ይከራያል፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንደገና ይጠይቃል። ፎቶው ላይ ሽርሽር የሚመስለው ብዙ ጊዜ ይኸው ዝውውር ነው። ገንዘብ ላክልን ከማለታችን በፊት ይህን ብናስብለት እወዳለሁ።

ብርዱን ሁሉም ያስጠነቅቃል፤ ጨለማውን የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን የለመደ የባሮ ወንዝ ዳር ልጅ፣ ስቶክሆልም በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ይሆንበታል።

«ሐበሻ ያለበት ከተማ ከገባ ቤቱ ገባ» የሚለውስ? ለብዙዎች እውነት ነው። የኑዌር ወይም የአኙዋ ልጅ ግን ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ በአማርኛ ሲያዝዝ መልሱ በእንግሊዝኛ ሊመጣለት፣ «ከደቡብ ሱዳን ነህ?» ሊባልም ይችላል። በአገሩ ሰዎች መካከል እንግዳ መሆን ከበረዶው ይከፋል። ኢትዮጵያዊነቱን ማስረዳት የእሱ ዕዳ መሆን የለበትም፤ በአማርኛ ላዘዘን ሰው በአማርኛ መመለስ የእኛ ፋንታ ነው።

«ፈረንጅ ሰው አይቀርብም» የሚለውም ልክ አይደለም። ሳይነግሩ ቤት መሄድ አልተለመደም እንጂ ወዳጅነት አለ። የዶርሙ የጋራ ማእድ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲው የኳስ ቡድን፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጥሩ መነሻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የኢራስመስ ተማሪዎች መረብም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ባሉት ቅርንጫፎቹ ለውጭ ተማሪዎች ጉዞና የትውውቅ ምሽት ያዘጋጃል።

በዚያው በጋምቤላ፣ በኢታንግና በፒኝዶ አካባቢ ባሉት የስደተኞች መጠለያዎች ደግሞ «ስደተኛ አውሮፓ ሄዶ አይማርም» የሚል ተስፋ መቁረጥ አለ። ጣሊያን ውስጥ ስደተኞችን በሕጋዊ ቪዛ ለማስተርስ የሚያስገባው ዩኒኮር የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የሄዱት ኢትዮጵያ ውስጥ ከተጠለሉ ስደተኞች መካከል ነበር። አመልካቹ በስደተኛነት የተመዘገበና የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው መሆን አለበት። ጥሪው በወጣ ቁጥር የሚቀበላቸውን አገሮች ዝርዝርና የሚፈልገውን ውጤት ማየት ያስፈልጋል።