የተጋነነ የምርት ሪፖርት ዕዳው ለገበሬው ነው

ዘርና ማዳበሪያ የሚመደበው፣ እርዳታም የሚታቀደው በምርት ቁጥር ነው። ቁጥሩ መለኪያነቱ ቀርቶ መመስገኛ ሲሆን ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 የቻይና ኮሙን መሪዎች የበላይ አካልን ለማስደሰትና ከወቀሳ ለመዳን ያልተመረተ እህል ሪፖርት አደረጉ። መንግሥት የዓመቱ ምርት 375 ሚሊዮን ቶን መድረሱን አስታወቀ፤ ኋላ ሲጣራ ግን 200 ሚሊዮን ቶን ያህል ሆኖ ተገኘ። ከገበሬው የሚሰበሰበው ኮታ የተሰላው በተጋነነው ቁጥር ስለነበር የቤተሰብ ቀለብ ጭምር ከጎተራ ተወሰደ። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች እስከ 1961 በዘለቀው ረሃብ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ምርትን መመዝገብ የሚገባቸው በግምት ሳይሆን አውድማ ላይ አሰፍረው ነው። ለዘርና ለቀለብ የሚቀረውም አብሮ ይጻፍ። ጉድለት ካለ ሳይደበቅ በወቅቱ ይገለጽ። በወረቀት የበዛ ኩንታል ጎተራ አይሞላም።